ከኮምቦልቻ መገንጠያ የሚነበብ የስደት ልብ ወለድ

ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን በቦምብ ደበደቡ። ንጉሠ ነገሥቱ ጠቅላይ ሰፈራቸውን በከተማዋ አድርገው ነበር። የአሜሪካ አድቬንቲስቶች ሆስፒታልንም የቀይ መስቀል ምልክቱ አላዳነውም። ከዚያ ዕለት በሕዝብ ትዝታ ጎልቶ የቀረው ግን ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መትረየስ ይዘው የሚታዩበት ፎቶግራፍ ነው። በሆስፒታሉ አልጋ የተኛውን በሽተኛና ስንቅ ተሸክማ ከጦሩ ኋላ የመጣችውን ሴት ከታሪክ መዝገብ ይልቅ የሚመልስልን ልብ ወለድ ነው።

መዓዛ መንግሥቴ እ.ኤ.አ. በ2019 ያሳተመችው የእንግሊዝኛ ልብ ወለድ «ዘ ሻዶ ኪንግ» ይህን በድፍረት ሠርቶታል። ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ሂሩት ወላጆቿ የሞቱባት ገረድ ናት። ካባቷ የቀረላትን ውጅግራ ጌታዋ ኪዳኔ ለዘመቻው ይወስድባታል። መጽሐፉ የቆመው በዚህ ጠመንጃ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ልጅቱ ወራሪው ገና ሳይደርስ በገዛ ወገኗ ተነጥቃለችና። ደራሲዋ ቅድመ አያቷ ጠመንጃ ለማስመለስ የገዛ አባቷን ከስሳ እንደረታች ተናግራለች። በልብ ወለዱ ንጉሡ ወደ እንግሊዟ ባዝ ሲሰደዱ ደግሞ አርበኞቹ መልካቸውን የሚመስል፣ «ምንም» የተባለ ሰው የንጉሥ ልብስ አልብሰው በፊታቸው ያቆማሉ። በስደት ባዶ የቀረውን ዙፋን ተራ ሰው ይሞላዋል።

በልብ ወለዱ ከጣሊያን ጎን የተሰለፈው አስካሪ ኢብራሂም ወደ ሌላ ጥያቄ ይወስደናል። ገብረየሱስ ኃይሉ እ.ኤ.አ. በ1927 በትግርኛ የጻፈው ልብ ወለድ ለጣሊያን ሊዋጋ ወደ ሊቢያ የተወሰደ ኤርትራዊ ወጣት ታሪክ ነው። የ2021 የኖቤል ተሸላሚው የዛንዚባር ልጅ አብዱልራዛቅ ጉርናህም «አፍተርላይቭስ» ውስጥ ለጀርመን የተሰለፈውን ሐምዛን እንደ ቆሰለ ሰው ያቀርበዋል። እኛ እንዲህ ያለውን ሰው ባንዳ ብለን ፋይሉን መዝጋት ይቀናናል። ቁጣችን ከእውነተኛ በደል የመነጨ ቢሆንም፣ ሰውየው ለምን ከቤቱ እንደወጣ አይነግረንም።

ሰው ለምን ከቤቱ ይወጣል የሚለው ጥያቄ ኮምቦልቻ ላይ ዛሬም ሕያው ነው። ጣሊያን ደሴን ከአሰብ ወደብ ለማገናኘት የሠራው መንገድ ከዚህ ተገንጥሎ በባቲና በሚሌ በኩል ወደ ቆላው ይወርዳል። በዚሁ አቅጣጫ የወሎ ወጣቶች ወደ ጅቡቲ፣ ከኦቦክም በጀልባ ወደ የመን ተሻግረው ሳዑዲ ዓረቢያ ለመድረስ ይጓዛሉ። ወራሪው ለጦሩና ለጭነቱ የጠረገው ጎዳና የድሃ ልጅ መሰደጃ ሆኗል።

ስለዚህ የወረራውን ልብ ወለድና የዓረብ አገሩን ስደት በሁለት መደርደሪያ ማስቀመጥ ስሕተት ይመስለኛል። ሂሩት ውጅግራዋን እንዳጣች ሁሉ፣ ለደላላ የሚከፈለው ገንዘብ እንዲሞላ በሬው የተሸጠበት ቤትም የሚያርስበትን አጥቷል። የወሎን ስደት የሚጽፍ ደራሲ ታሪኩን ከባሕሩ ዳር ሳይሆን ከዚያ በረት ቢጀምር፣ የሚሄደውን ልጅ ብቻ ሳይሆን በሬውን ለመሸጥ የተስማሙትን እናትም ገጸ ባሕርይ ማድረግ ይችላል።