የስድስት ኪሎው ሐውልትና የአፊሌው መታሰቢያ

በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ዋና በር አጠገብ፣ በአደባባዩ መካከል፣ 28 ሜትር ገደማ የሚረዝም የድንጋይ ሐውልት በአጥርና በአትክልት ተከቦ ቆሟል። ታክሲው ይዞረዋል፤ ተማሪው ያልፈዋል። ቀርቦ የተመለከተው ግን በላዩ የተቀረጸውን ያያል፦ ጠመንጃ የደገኑ ወታደሮች፣ በምድር ላይ የወደቁ ሰዎች፣ ሐዘንተኞች።

የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. የፋሺስት ኢጣሊያ እንደራሴ ሮዶልፎ ግራዚያኒ፣ ዛሬ ዩኒቨርሲቲው ባለበት በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት፣ ለድሆች ምጽዋት የሚያድልበትን ሥነ ሥርዓት አዘጋጅቶ ነበር። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በወረወሩት ቦምብ ቆሰለ። በቀሉ የጀመረው እዚያው ግቢ ውስጥ፣ ምጽዋት ሊቀበሉ በተሰበሰቡት ላይ ነበር። ለ3 ቀናት ከተማዋ ታረደች፤ ቤቶች ከነሰዎቻቸው ተቃጠሉ። የኢትዮጵያ መንግሥት የሟቾቹን ቁጥር 30 ሺህ ሲል መዝግቧል።

ሐውልቱን በ1940ዎቹ የሠሩት አንቱን አውጉስቲንቺችና ፍራኖ ክርሺኒች የተባሉ የዩጎዝላቪያ ቀራጮች ናቸው። የአውጉስቲንቺች ሌላ ሥራ፣ የሰላም መታሰቢያ የሆነው ፈረሰኛ፣ በኒውዮርክ በተባበሩት መንግሥታት ግቢ ቆሟል። የቀራጮቹም አገር እ.ኤ.አ. በ1941 በዚያችው ኢጣሊያ ተወርራ ነበርና፣ የሌላውን ሐዘን የቀረጹት የወረራን ምንነት ሳያውቁ አልነበረም። ቅርጹም ለኢትዮጵያ ባዕድ አይደለም። ስድስት ኪሎ ላይ ሐውልቱ ሲቆም፣ ወራሪው የወሰደው የአክሱም ሐውልት ገና ሮም ነበር፤ የተመለሰው በ1997 ዓ.ም. ነው።

በ2004 ዓ.ም. ደግሞ ከሮም ብዙ በማይርቀው በአፊሌ፣ በአንድ መናፈሻ ውስጥ፣ በሕዝብ ገንዘብ የተሠራ የግራዚያኒ መታሰቢያ ተመረቀ። «አገር» እና «ክብር» የሚሉ ቃላት ተጻፉበት። በልዩ ልዩ አገሮች የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ተቃውሟቸውን አሰሙ።

ሁለቱን መታሰቢያዎች ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው የጎደለውን ያስተውላል። አፊሌ የገዳዩን ስም ይዟል፤ የተገደሉትን ግን አያነሣም። ስድስት ኪሎ የተገደሉትን ያሳያል፤ የየግል ስማቸውን ግን አይዘረዝርም። ድንጋይ 30 ሺህ ፊት ሊሸከም አይችልምና፣ ቀራጮቹ ጥቂት ፊቶችን ለሁሉም ወካይ አደረጉ። ቀሪው በየቤቱ አለ፤ ከአያት የተሰማ አንድ ስም፣ ያልተመለሰ አንድ ዘመድ። ያንን ስም ለልጁ ያልነገረ ቤተሰብ፣ በአገርም ይኑር በስደት፣ ሐውልቱ ሊጽፈው ያልቻለውን ለሁለተኛ ጊዜ ያጠፋዋል።