የቁልፉ ምሥጢርና የብዙዎች ዓይን

የአንድ ቤት ቁልፍ ጉድለት እንዳለበት ያወቀ ሰው ለሰፈሩ ሁሉ ይንገርን? ወይስ ሌባ እንዳይሰማ ዝም ይበል? ይህ ጥያቄ ቀላል ቢመስልም ብዙ ባለሙያዎችን ሲያከራክር የኖረ ነው። ታሪኩን ባጭሩ እንመለከታለን፤ ዘመኑም ሁሉ የተነገረው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

በ1851 በለንደን ታላቁ ኤግዚቢሽን በተከፈተ ጊዜ፣ አልፍሬድ ሆብስ የሚባል አሜሪካዊ የቁልፍ ባለሙያ ወደዚያ መጣ። ከቶ አይከፈትም ሲባል የነበረውን የቸብን ቁልፍ ምስክሮች ባሉበት ከግማሽ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ያለ መክፈቻው ከፈተው። ቀጥሎም የብራማህ ፋብሪካ በሱቁ መስኮት አኑሮ ለሚከፍተው 200 ጊኒ እንደሚሸልም ያስታወቀበትን ቁልፍ በ16 ቀን ውስጥ 51 ሰዓት ደክሞ ከፈተው። ብዙዎች ለሌቦች ትምህርት ሰጠ ብለው ወቀሱት። የእርሱ ወገኖች ግን ሌባ ሙያውን አስቀድሞ ያውቃል፤ ሳያውቅ የሚቀረው ንብረቱን ለቁልፉ አምኖ የተኛው ባለቤት ነው ሲሉ መለሱ። በ1883 ደግሞ አውጉስት ኬርክሆፍስ ስለ ጦር ሠራዊት የምሥጢር ጽሕፈት ሲጽፍ፣ ዘዴው በጠላት እጅ ቢወድቅ እንኳ ጉዳት ማምጣት የለበትም የሚል ደንብ አኖረ።

ይህ ክርክር በዘመናችን ወደ ኮምፒዩተር ተሻገረ። ሪቻርድ ስቶልማን በ1983፣ ሊኑስ ቶርቫልድስም በ1991 በጀመሩት ሥራ፣ ማንም አንብቦ ሊያርማቸውና ለሌላው ሊያካፍላቸው የሚችል ፕሮግራሞች ተስፋፉ። በ1998 ክፍት ምንጭ የሚል ስም ወጣላቸው። ነገር ግን በግልጽ የተጻፈ ፕሮግራም ጉድለት ሲገኝበት እርማቱን ወዳጅም ጠላትም ያየዋል። ስለዚህ አንዱ ወገን መድኃኒቱ እስኪዘጋጅ ነገሩ ይሰወር ሲል፣ ሌላው ምሥጢር ሠሪዎችን ያሰንፋል ብሎ ተቃወመ።

ሊኑክስን የሚያከፋፍሉ ድርጅቶች የደኅንነት ሠራተኞች ቬንደር ሴክ በሚባል ዝግ ማኅበር ጉድለቶችን በምሥጢር ይነጋገሩ ነበር። በ2011 ግን ምሥጢሩ የተከማቸበት ያ ጓዳ ራሱ ባልታወቀ ሰው ተሰበረ፤ ማኅበሩም ተዘጋ። የተተካው ማኅበር በደንቡ ምሥጢር የሚጠበቅበትን ጊዜ ከ14 ቀን እንዳይበልጥ ወሰነ።

ይሁን እንጂ በሩን ክፍት ማድረግ ብቻውን ዘበኛ አይሆንም። ኤክስ ዜድ የሚባለውን ፕሮግራም ያለ ደመወዝ ብቻውን ይጠብቅ የነበረ ሰው ሥራው በዝቶበት ሳለ፣ ጂያ ታን በሚል ስም የሚጠራ አንድ ሰው፣ ወይም በዚያ ስም የተሰወረ ቡድን፣ ከሁለት ዓመት በላይ በትጋት አገልግሎ አመኔታ አተረፈ። በ2024 መጀመሪያ ላይ፣ ምሥጢሩን የያዘ ሰው በሩቅ ሆኖ የሌላውን ኮምፒዩተር እንዲያዝ የሚያደርግ ስውር በር አስገባ። የተንኮሉም አንዱ ክፍል ሁሉ በሚያነበው መዝገብ ውስጥ ሳይሆን ለማከፋፈል በታሸገው ጥቅል ውስጥ ብቻ ነበረ።

አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ መሐንዲስ ግን ወደ ኮምፒዩተሩ ሲገባ ግማሽ ሰከንድ ያህል መዘግየቱ አላስቻለውም፤ ምክንያቱን መረመረ። አስቀድሞ ለሚመለከታቸው ጥቂት ሰዎች በምሥጢር አስታወቀ፤ በመጋቢት 29 ቀን 2024 ነገሩን ለዓለም ገለጸ። ፕሮግራሙም በሰፊው ከመሰራጨቱ በፊት ተያዘ።

እንግዲህ ልብ እንበል። ፍሮይንድ ሊመረምር የቻለው ጽሑፉ ለሁሉ ክፍት ስለ ነበረ ነው፤ ተንኮሉ ሊገባ የቻለው ደግሞ ብዙዎች ሲጠቀሙ፣ ሌላው አይቶታል ብለው ሳያዩ ስለቀሩ ነው። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ በሽታውን የሚመረምር ባለመድኃኒት ከሌለም መግለጡ ብቻ አያድንም። ለአጭር ጊዜ የተወሰነ ምሥጢር መድኃኒት ማዘጋጃ ይሆናል፤ ወሰን የሌለው ምሥጢር ግን የጉድለት መኖሪያ ነው። ስለዚህ ብዙ ሰው የሚተማመንበትን ሥራ ለአንድ ደካማ ትከሻ ትቶ መተኛት አይገባም።