ስለ አፍሪካ አዳራሽ የመስተዋት ሥዕልና ስለ ፎቶግራፍ አነሣሡ

የአገራችን የሥነ ጥበብ ታሪክ በብራና፥ በግድግዳና በሸራ ላይ ብቻ የሚነበብ አይደለም፤ በመስተዋት ላይ የሚነበብም አለ። ከዚህም መካከል ስመ ጥር የሆነው በአዲስ አበባ በአፍሪካ አዳራሽ የሚገኘው የሎሬት አፈወርቅ ተክሌ ሥራ ነው። አዳራሹ በአርክቴክት አርቱሮ ሜዘዲሚ ንድፍ ታንጾ በ1953 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተመረቀ። ባለቀለሙ መስተዋት 150 ካሬ ሜትር ስፋት ያለው ሲሆን በሦስት ክፍል የአፍሪካን ያለፈ መከራ፥ የነፃነት ትግሏንና የወደፊት ተስፋዋን ያሳያል። ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የተመሠረተውም በዚሁ አዳራሽ ነው።

ዳሩ ግን ከግራና እስከ አዲስ አበባ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ስለ ሆነ፥ ብዙዎቻችን ይህን ሥራ የምናውቀው በፎቶግራፍ ነው። እንግዲህ ፎቶግራፉ ከተበላሸ ታሪኩም ለእኛ ተበላሸ ማለት ነው።

የሸራ ሥዕል ብርሃን ከፊቱ ሲያርፍበት ይታያል፤ የመስተዋት ሥዕል ግን ብርሃን ከኋላው ካላለፈበት ይጨልማል። በፊልም ዘመን ፎቶግራፍ አንሺው ፊልሙ እስኪታጠብ ድረስ ስሕተቱን አያይም ነበር። በ1975 እ.ኤ.አ. የኮዳክ መሐንዲስ ስቲቨን ሳሰን የሠራው የመጀመሪያው ዲጂታል ካሜራ አንዱን ምስል ለመቅዳት 23 ሴኮንድ ይፈጅበት ነበር፤ የዛሬው ግን ወዲያው ያሳያል። ስለዚህ ማረም ቀሏል።

ብልኃቱም ይህ ነው፤ ፍላሹን ማጥፋት፥ ካሜራውን በማይነቃነቅ ነገር ላይ ማስቀመጥ፥ ብርሃኑንም ከጨለማው ግድግዳ ሳይሆን ከመስተዋቱ ላይ መለካት። ካሜራው በግድግዳው ጨለማ ከተታለለ ብርሃን ያበዛና ቀለሙን ያነጣዋል። ይህንም በቤታችን ልንለማመደው እንችላለን፤ ብርዝ የተሞላ ብርሌ በመስኮት ፊት አስቀምጠን ብናነሣ ወርቃማ ሆኖ ይወጣል፤ በፍላሽ ብናነሣው ግን የፍላሹ ነጸብራቅ ቀለሙን ይሸፍነዋል።

አዳራሹ ታድሶ በጥቅምት ወር 2017 ዓ.ም. እንደ ገና ተከፍቷል። ብርሌ ከነቃ ዕቃ እንደማይሆን መስተዋትም ተሰባሪ ነው፤ ሠዓሊውም በሚያዝያ ወር 2004 ዓ.ም. ስላረፉ ዳግመኛ አይሠሩልንም። ስለዚህ ከመካከላችን አዲስ አበባን ለማየት የሚታደል ተማሪ፥ ብርሃኑን በትዕግሥት ጠብቆ አንድ እውነተኛ ፎቶግራፍ ለትምህርት ቤታችን ቢያመጣ፥ ለሚከተሉን ታናናሾቻችን የታሪክ ምስክር አቆመላቸው ማለት ነው።