ያልተተረጎመ ስምምነት፦ የቋንቋ ልዩነትና የሕክምና ጥራት በአሜሪካ የላቲኖ ስደተኞች ታሪክ

የሕሙሙን የበሽታ ታሪክ በአግባቡ መጠየቅ ከማናቸውም መሣሪያ አስቀድሞ ወደ ትክክለኛው የበሽታ ልየታ እንደሚያደርስ ሁላችንም በሕክምና ትምህርት ቤት ተምረናል። ጠያቂውና ተጠያቂው በአንድ ቋንቋ የማይግባቡ ሲሆን ምን እንደሚደረግ ግን እምብዛም አልተማርንም። ይህ ጽሑፍ ጥያቄውን ከላቲን አሜሪካ አገሮች ወደ ዩናይትድ ስቴትስ ከተሰደዱ ስፓኒሽ ተናጋሪዎች ታሪክ አንጻር ይመለከታል። ይህን ታሪክ የመረጥኩት ጉዳዩ በዚያች አገር ፍርድ ቤት የቀረበ፣ በጥናት የተለካና ሕግ የወጣለት በመሆኑ ነው። የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከ1942 እስከ 1964 በቆየው የብራሴሮ ፕሮግራም ከ4 ሚሊዮን በላይ የሥራ ውሎች ተፈርመው የሜክሲኮ ሠራተኞች በአሜሪካ እርሻዎች ተሰማርተዋል። ሠራተኞቹ ከመግባታቸው በፊት ይመረመሩ፣ ዲዲቲም ይነፋባቸው ነበር። ይህ ዓይነቱ ምርመራ ብዙ ንግግር አይጠይቅም፤ የሚፈለገው ጤናማ ክንድ እንጂ የባለቤቱ ቃል አልነበረምና። ስደተኛው ቤተሰብ መሥርቶ፣ ወልዶ፣ ታሞ ወደ ሆስፒታል መምጣት ሲጀምር ግን የቋንቋው ጉዳይ ሊሸሸግ የማይችል ሆነ።

በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ መጀመሪያ በሎስ አንጀለስ ካውንቲ ትልቁ የሕዝብ ሆስፒታል ከሚወልዱት እናቶች ብዙዎቹ የሜክሲኮ ተወላጆች ሲሆኑ፣ ከእነርሱም መካከል እንግሊዝኛ የማያውቁ ነበሩ። በምጥ ላይ እያሉ፣ አንዳንዶቹም ለአስቸኳይ ቀዶ ሕክምና በሚዘጋጁበት ሰዓት፣ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ቅጽ ቀርቦላቸው ፈረሙ። ቅጹ የማህፀን ቱቦን ለመቋጠር፣ ማለትም ለዘለቄታው ለመምከን የሚሰጥ ስምምነት ነበር። ለማዋለጃው ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልግ ፈቃድ የመሰላቸው ነበሩ፤ የተቋጠረው ቱቦ በኋላ የሚፈታ የመሰላቸውም ነበሩ። (በእኛም ቋንቋ «መቋጠር» የሚለው ቃል መፍታትን አስከትሎ እንደሚያስታውስ ልብ ይሏል፤ ይህን ቃል ለታካሚዎቻችን ስንናገር ምን እንደሚሰሙ ጠይቀን እናውቅ ይሆን?) ከሴቶቹ መካከል ጠበቆች ፈልገው እስኪነግሯቸው ድረስ የተደረገባቸውን ያላወቁ ይገኙባቸዋል።

ነገሩ ይፋ የወጣው በርናርድ ሮዘንፌልድ የተባለ በዚያው ሆስፒታል በሥልጠና ላይ የነበረ ወጣት ሐኪም የሕሙማኑን መዛግብት በምሥጢር ሰብስቦ ለጠበቆች በማሳለፉ ነው። በ1975 አሥር ሴቶች ክስ መሠረቱ፤ ክሱም «ማድሪጋል ከኪሊጋን» በሚል ስም ይታወቃል። በ1978 ዳኛው ጄሲ ከርቲስ ለሐኪሞቹ ፈረዱ። የውሳኔያቸው ፍሬ ነገር የደረሰው ሁሉ በሐኪሞቹና በታካሚዎቹ መካከል ከተፈጠረ የመግባባት መቋረጥ የመነጨ ነው የሚል ነበር። ከሁሉ የሚያስገርመው የካርሎስ ቬሌዝ ኢባኔዝ ምስክርነት የደረሰበት ዕጣ ነው። እኚህ የአንትሮፖሎጂ ምሁር በእነዚህ ሴቶች ማኅበረሰብ ዘንድ መውለድ ምን ያህል ክብር እንዳለው ያስረዱት የጉዳቱን ጥልቀት ለማሳየት ነበር። ዳኛው ግን ማስረጃውን ገልብጠው፣ ሐኪሞቹ ይህን ልዩ ባህል ሊያውቁ አይችሉም ነበር ለማለት ተጠቀሙበት።

«መግባባት ጠፋ» የሚለው አነጋገር አድራጊ የለውም፤ ነገሩ በራሱ የጠፋ ይመስላል። በእኔ እምነት ግን ከሁለቱ ወገኖች አንዱ በምጥ ላይ የነበረ፣ ሌላው ደግሞ ቅጹን ያዘጋጀ፣ ቢላዋውን የያዘና አስተርጓሚ የመጥራት ሥልጣን ያለው ሆኖ ሳለ፣ ኃላፊነቱን እኩል አካፍሎ ከሁለቱም ላይ ማንሣት ፍትሕ አልነበረም። የፌዴራሉ መንግሥት ራሱ በዚያው ዓመት ያወጣው ደንብ ከፍርዱ ይልቅ ወደ እውነቱ ይቀርባል። ደንቡ በፌዴራል ገንዘብ ለሚከናወን የማምከን ሕክምና በስምምነቱና በቀዶ ሕክምናው መካከል ቢያንስ 30 ቀናት እንዲያልፉ፣ በምጥ ላይ ካለች ሴት ስምምነት እንዳይወሰድ፣ የቅጹን ቋንቋ ለማትረዳ ሴትም አስተርጓሚ እንዲቀርብላት ያዛል። የሎስ አንጀለስ ካውንቲ አስተዳደር ይቅርታ የጠየቀው ግን ፍርዱ ከተሰጠ ከ40 ዓመታት በኋላ፣ በ2018 ነው።

በስምምነት ላይ የታየው ችግር በበሽታ ልየታም ላይ ታይቷል። በጥር 1980 በደቡብ ፍሎሪዳ አንድ የ18 ዓመት ወጣት ራሱን ስቶ ወደ ድንገተኛ ክፍል ተወሰደ። የኩባ ተወላጅ የሆኑት ቤተሰቦቹ «ኢንቶክሲካዶ» ሆኗል ብለው ተናገሩ። ቃሉ በኩባውያን ስፓኒሽ የበሉት ወይም የጠጡት ነገር ሕመም ማስከተሉን ሲገልጽ፣ በእንግሊዝኛ የሚመሳሰለው ቃል ግን ስካርን ያመለክታል። ሐኪሞቹም ከልክ ያለፈ አደንዛዥ ዕፅ እንደወሰደ ቆጥረው ከአንድ ቀን በላይ በዚያው መሠረት አከሙት። ሕመሙ የአንጎል ውስጥ ደም መፍሰስ ነበር፤ ወጣቱም እጆቹና እግሮቹ ሽባ ሆነው ቀሩ። የካሣ ስምምነቱ በዕድሜ ዘመኑ እስከ 71 ሚሊዮን ዶላር ሊደርስ እንደሚችል ተዘግቧል። በዚህ ታሪክ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ነገር ማንም ባለሙያ አስተርጓሚ ያልጠራው አለመግባባት መኖሩን ያወቀ ሰው ስላልነበረ መሆኑ ነው። ሁለቱም ወገኖች የተግባቡ መስሏቸው ነበር።

እኔም ኢንተርን ሳለሁ አንዲት አረጋዊት በአፋን ኦሮሞ ለብዙ ደቂቃ፣ በመሐል እንባቸውን እየጠረጉ አጫወቱኝ። ለማስተርጎም የለመንኳት የጽዳት ሠራተኛ «ሆዴን ያመኛል ነው የሚሉት» አለችኝና ወደ ሥራዋ ተመለሰች። እኔም በመዝገቡ ላይ «የሆድ ሕመም» ብዬ ጻፍኩ። የቀረው ንግግር ምን እንደነበረ ዛሬም አላውቅም።

ወደ አሜሪካው ታሪክ ስንመለስ፣ የሕጉ መሠረት የተጣለው በ1964 የወጣው የዜጎች መብት ሕግ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ተቋም በትውልድ አገር ምክንያት አድልዎ እንዳያደርግ በደነገገ ጊዜ ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1974 «ላው ከኒኮልስ» በተባለው ክስ፣ እንግሊዝኛ ለማያውቁ የሳን ፍራንሲስኮ ቻይናውያን ተማሪዎች የቋንቋ እርዳታ መንፈግ ሕጉን መጣስ ነው ብሎ ወሰነ። ይኸው አስተሳሰብ ለሆስፒታሎችም ያገለግል ነበር፤ አብዛኞቹ በሜዲኬርና በሜዲኬይድ በኩል የፌዴራል ገንዘብ ይቀበላሉና። ሆኖም ፕሬዚዳንት ክሊንተን የፌዴራል ተቋማትና ገንዘባቸውን የሚቀበሉ ሁሉ እንግሊዝኛ ለማይችሉ ሰዎች አገልግሎታቸውን ተደራሽ እንዲያደርጉ ያዘዙት በነሐሴ 2000 ነው። በዚያን ጊዜ የአገሪቱ ላቲኖ ሕዝብ 35 ሚሊዮን ደርሶ ነበር።

ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ «ቤተሰቡ ቢያስተረጉም ምን ይጎዳል?» የሚል ነበር። ግሌን ፍሎሬስና ባልደረቦቻቸው በ2003 ባሳተሙት ጥናት 13 የሕፃናት ሕክምና ቆይታዎችን በድምፅ ቀድተው 396 የትርጉም ስሕተቶች አገኙ፤ ከእነዚህም 63 በመቶው በሕክምናው ላይ ጉዳት ሊያስከትሉ የሚችሉ ነበሩ። የመድኃኒት አለርጂ ጥያቄ ሳይተረጎም ታልፏል፤ ለፊት ሽፍታ ብቻ የታዘዘ ሃይድሮኮርቲዞን ቅባት መላ ሰውነት እንዲቀባ ተነግሯል። በ2012 በድንገተኛ ክፍሎች የተደረገው ሁለተኛ ጥናታቸው የበለጠ ያስተምራል። ጉዳት ሊያስከትሉ የሚችሉት ስሕተቶች በባለሙያ አስተርጓሚ 12 በመቶ፣ በዘመድ ወይም በአጋጣሚ በተገኘ ሰው 22 በመቶ፣ ያለ አስተርጓሚ ደግሞ 20 በመቶ ነበሩ። 100 ሰዓትና ከዚያ በላይ በሠለጠኑ ባለሙያዎች ግን ወደ 2 በመቶ ወርደዋል። ስለዚህ በቅርብ የተገኘውን ሰው ጎትቶ ማስተርጎም ከምንም ይሻላል የሚለው ልማዳችን በእነዚህ ቁጥሮች አይደገፍም። ስለ ወጪው ደግሞ የአሜሪካ የበጀት ጽሕፈት ቤት በ2002 የቋንቋ አገልግሎት በአንድ ጉብኝት ላይ በአማካይ 4 ዶላር ያህል ብቻ እንደሚጨምር ገምቷል።

በ2010 የወጣው የጤና መድን ሕግ ክፍል 1557 ግዴታውን በጤናው ዘርፍ አጠናከረ፤ በ2016 የወጣው ማስፈጸሚያ ደንብም ከአስቸኳይ ሁኔታ በስተቀር ልጆችን ማስተርጎምን ከለከለ። ይህ ክልከላ ለላቲኖ ቤተሰቦች ትልቅ ነገር ነበር። ትምህርት ቤት ውስጥ ፈጥኖ እንግሊዝኛ የሚለምደው ልጅ የእናቱን የማህፀን ሕመም ወይም የአባቱን የካንሰር ውጤት ለማስተርጎም ይገደድ ነበርና፤ ልጁ ለሚያፍርበት ነገር ቃል አያገኝም፣ እናቲቱም በልጇ ፊት ሁሉን አትናገርም።

በመጋቢት 2025 ፕሬዚዳንት ትራምፕ እንግሊዝኛን የአገሪቱ ይፋዊ ቋንቋ ሲያደርጉ የ2000ውን የክሊንተን ትእዛዝ ሰርዘዋል። ክፍል 1557 ግን በምክር ቤት የጸደቀ ሕግ በመሆኑ በፕሬዚዳንት ትእዛዝ ብቻ አይሻርም። የ2024ቱ ማስፈጸሚያ ደንብ ሆስፒታሎች የነፃ አስተርጓሚ አገልግሎት መኖሩን በየግዛቱ እንግሊዝኛ የማይችሉ ነዋሪዎች በብዛት በሚናገሯቸው 15 ቋንቋዎች እንዲያስታውቁ አዟል። በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ሆስፒታሎች ይህ ማስታወቂያ ከስፓኒሹ በታች በአማርኛም ተጽፎ ይገኛል።