ስልኩ ቻርጅ ያደርጋል፤ ኮምፒውተሩ ግን «አላየሁም» ይላል

የምርቃት ፎቶ፣ የሠርግ ፎቶ፣ ዛሬ በሕይወት የሌለች አያት ፎቶ... የብዙዎቻችን አልበም አሁን ስልካችን ነው። ስልኩ የተሰረቀ ዕለት አልበሙም አብሮ ይሄዳል። «ኮምፒውተር ላይ ገልብጠሽ አስቀምጪው» ማለት ቀላል ነው፤ ገመዱን ስትሰኩት ግን ስልኩ ቻርጅ ማድረግ ይጀምርና ኮምፒውተሩ ጭጭ ይላል። ጎበዝ፣ ይህ ዝምታ ታሪክ አለው።

እ.ኤ.አ. በ1997 ፊሊፕ ካን የተባለ ሰው ካሊፎርኒያ ውስጥ ባለቤቱ ስትወልድ ዲጂታል ካሜራ፣ ላፕቶፕና ሞባይል ስልክ አገናኝቶ የጨቅላዋን ፎቶ ለወዳጅ ዘመድ ላከ። ያኔ ኮምፒውተሩ መሐል ሆኖ ያስታርቅ ነበር። ዛሬ የሚያኮርፈው እሱ ነው!

ዩኤስቢ የወጣው ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1996 ነው። በተለመደው ገመድ ሆድ ውስጥ አራት ሽቦዎች አሉ፤ ሁለቱ ኤሌክትሪክ፣ ሁለቱ መረጃ ይወስዳሉ። አንዳንድ ርካሽ ገመዶች የመረጃዎቹ ሁለቱ ጭራሽ የሏቸውም። ስለዚህ ስልኩን ከመውቀሳችሁ በፊት ገመዱን ቀይሩ።

ገመዱ ደህና ከሆነስ? እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚጥመው። የመጀመሪያዎቹ አንድሮይድ ስልኮች ሲሰኩ ሚሞሪያቸውን እንደ ፍላሽ ዲስክ ለኮምፒውተሩ ያስረክቡ ነበር። ችግሩ፣ ኮምፒውተሩ እስኪመልስላቸው ድረስ ራሳቸው ሊነኩት አይችሉም። ስለዚህ በ2011 አንድሮይድ ወደ ኤምቲፒ ዞረ። ኤምቲፒ ማይክሮሶፍት ለሙዚቃ ማጫወቻዎች ያዘጋጀው ዘዴ ነው። ኮምፒውተሩ ዕቃ ቤቱን አይረከብም፤ ደጅ ቆሞ ፋይሉን አንድ በአንድ ይጠይቃል፣ ስልኩ እያወጣ ይሰጠዋል። ሺህ ፎቶ ያለበት ፎልደር ሲከፈት የሚንቀራፈፈው በአብዛኛው በዚህ ምክንያት ነው። በጥቂት በጥቂቱ ገልብጡ። ማክ ደግሞ ያለ ተጨማሪ ፕሮግራም ኤምቲፒ አይገባውም።

ቀጥሎ ሌባ መጣ። በ2011 ላስ ቬጋስ በተካሄደው የዴፍኮን ጉባኤ ላይ የሕዝብ ቻርጀር መረጃ ሊሰርቅ እንደሚችል ለማስጠንቀቅ ሰዎች የሚሰኩበት ማሳያ ተተከለ። በ2013 ደግሞ ተመራማሪዎች ቻርጀር መስሎ አይፎን ውስጥ የሚገባ መሣሪያ አሳዩ። አፕል በዚያው ዓመት በአይኦኤስ 7 «ይህን ኮምፒውተር ታምነዋለህ?» የሚል ጥያቄ አመጣ። አንድሮይድ 6 በ2015 ሲወጣ፣ የተሰካ ስልክ ካልታዘዘ በቀር ቻርጅ ብቻ እንዲያደርግ ተወሰነ። እንግዲህ ዝምታው ብልሽት ሳይሆን ቁልፍ ነው። የስልኩን ስክሪን ክፈቱ፣ ከላይ ወደ ታች ሳቡ፣ የዩኤስቢውን መልእክት ነክታችሁ «ፋይል ማስተላለፍ» የሚለውን ምረጡ። እኔ በበኩሌ ይህን ቁልፍ እደግፈዋለሁ፤ መልእክቱን እንደዚያ መደበቃቸው ግን ያናድዳል።

ከውጭ ዘመድ የላከላችሁ አይፎን ከሆነ ሌላ ጣጣ አለ። ከ2017 ወዲህ አይፎን ፎቶ የሚያስቀምጠው ሄይክ በተባለ፣ ቦታ በሚቆጥብ ፎርማት ነው። ፎቶው ይገለበጣል፤ አሮጌ ዊንዶውስ ላይ ግን አይከፈትም። ሴቲንግ ውስጥ ካሜራ፣ ከዚያ ፎርማት ገብታችሁ «ሞስት ኮምፓቲብል»ን ብትመርጡ ከዚያ በኋላ የምታነሡት በጄፔግ ይቀመጣል።

«ይህ ሁሉ ለምን? በቴሌግራም ለራሴ እልከዋለሁ» የምትሉ ብዙ ናችሁ። ቴሌግራም ፎቶን በተለመደው መንገድ ሲልክ ያሳንሰዋል። ስልክ ላይ አይታወቅም፤ የአያትን ፎቶ አሳጥባችሁ ግድግዳ ላይ ልትሰቅሉ ስትሉ ግን ይደበዝዛል። የግድ በቴሌግራም ከሆነ «ፋይል» በሚለው በኩል ላኩት፤ እንዳለ ይደርሳል።