ከቅኔ ቤት እስከ ቀይ እስክሪብቶ

በ1989 ዓ.ም. ደባርቅ ላይ አማርኛ አስተምር ነበር። ደባርቅ ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ የሰሜን ተራሮች ደጃፍ ናት፤ ብርዷ አይጣል ነው። ማታ ማታ ጋቢዬን ተከናንቤ የ60 እና የ70 ተማሪ ድርሰት በቀይ እስክሪብቶ አርማለሁ፤ ሲነጋ እመልሳለሁ። ተማሪው ወረቀቱን ሲቀበል ዓይኑ የሚያርፈው ከራስጌው ባለው ቁጥር ላይ ብቻ ነው። «ስንት አገኘህ?» ይባባላሉ፤ ወረቀቱ ይታጠፋል፤ የሌሊቱ ድካሜም አብሮ ይታጠፋል።

አንድ ቀን ግን ከኋላ የተቀመጠ፣ በዕድሜ ከጓደኞቹ ጠና ያለ ልጅ እጁን አወጣ። ወደ ዘመናዊ ትምህርት ከመምጣቱ በፊት ቅኔ ቤት የቆየ ነበር። «የኔታ» አለኝ አፉን አዳልጦት፤ ክፍሉ በሳቅ አውካካ። እሱ ግን አላፈረም። «ስሕተቴን አይቼዋለሁ፤ አስተካክዬ መቼ ልንገርዎ?» አለኝ። እኔም «ለሚቀጥለው ትጠነቀቃለህ» ብዬ አለፍኩት። ጥያቄው ግን እኔን አላለፈኝም። «ልንገርዎ» በምትለው አንዲት ቃል ውስጥ የብዙ ዘመን የትምህርት ሥርዓት እንዳለ የገባኝ ውሎ አድሮ ነው።

እስቲ ያ ልጅ ወደመጣበት ቅኔ ቤት እንመለስ። የቅኔ ተማሪ ግሱንና አገባቡን ከመምህሩ ይሰማል። ከዚያ ብቻውን ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ ቅኔ ይቆጥራል። ወረቀትና ብዕር የለም፤ ሁሉም በቃል ነው። የቆጠረውን ይዞ መምህሩ ፊት ቀርቦ ይነግራል። መምህሩም እዚያው ያርመዋል፤ ቤቱ አልመታም፣ ግሱ ከቦታው አልገባም፣ ሰሙና ወርቁ አልተገናኙም ይለዋል። ልብ በሉ፤ «ከ10 4 አግኝተሃል» አይለውም። ተማሪው የተነገረውን ይዞ ይመለሳል፣ እንደገና ይቆጥራል። ሁለት ቤት ካላት ጉባኤ ቃና ተነሥቶ ስምንት ቤት እስካለው መወድስ የሚደርሰው እንዲህ እየታረመና እያስተካከለ ነው። የበሰለው ተማሪ ደግሞ አስነጋሪ ይሆናል፤ የታናናሾቹን ቅኔ ይሰማል፣ ያርማል። የሌላውን ጉድለት መስማት የለመደ ጆሮ የራሱንም ጉድለት ማንም ሳይነግረው ይሰማል። የእርማት ፍጻሜው ይኸው ነው፤ ተማሪው ራሱን የሚያርም ሰው ይሆናል።

ይህን ስል ቅኔ ቤትን ገነት ማድረጌ አይደለም። ረሀቡና የመንደር ውሻው የታወቀ ነው። እንደ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ያሉ ጥቂት ሴቶች ባለቅኔ ሆነው ቢወጡም በሩ ለብዙዎቹ ዝግ ነበር። የዚያን ዘመን ተማሪ ኑሮ ማወቅ የሚሻ፣ መንግሥቱ ለማ ከአባታቸው አንደበት ተቀብለው ያሳተሙትን «መጽሐፈ ትዝታ ዘአለቃ ለማ ኃይሉ» ማንበብ ይችላል።

ዘመናዊው ትምህርት ቤት በ1900 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክ ሲጀመር ሌላ ዓለም ይዞ መጣ። ሂሳብና የውጭ ቋንቋ መጣ፤ ኋላም ብዙ ልጅ ባንድ ክፍል ማስተማር፣ ማርክና ደረጃ ተለመደ። የሁለተኛ ደረጃው መደምደሚያ ማትሪክ ሆነ። የማትሪክ ውጤት ከአዲስ አበባ በፊደል ይመጣ ነበር፤ የፈተናው ወረቀት ግን ወደ ተማሪው አይመለስም። የቱ ጋ እንደሳተ ሳያውቅ ዕጣው ይወሰናል። ቁጥር ሰውን ከሰው ለመለየት ይጠቅማል፤ ለመንግሥት ሥራም አስፈላጊ ነበር። ሥራን ለማሻሻል ግን ብቻውን መንገድ አያሳይም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዲሉ፣ አዲሱን ስንቀበል እርማቱን ይዞ የሚመለሰውን ተማሪ ጣልነው።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ተከታታይ ምዘና በየደረጃው እንዲካሄድ ደንግጎ ነበር። ሐሳቡ መልካም ነው። እኔ ባየኋቸው ክፍሎች ግን ተከታታይ ምዘና ተከታታይ ፈተና ሆኖ ቀረ፤ አንዱ ትልቅ ቁጥር በብዙ ትንንሽ ቁጥሮች ተመነዘረ።

የሌላውም ዓለም ችግር ከዚህ አይርቅም። ሩት በትለር የተባሉ እስራኤላዊት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1988 ባሳተሙት ጥናት፣ አስተያየት ብቻ የተጻፈላቸው ልጆች ሥራቸውን አሻሻሉ። ቁጥር ብቻ የተሰጣቸው አላሻሻሉም። የሚያስገርመው ቁጥርም አስተያየትም የተሰጣቸው እንደዚሁ አለማሻሻላቸው ነው። ቁጥሩ አስተያየቱን ዋጠው ማለት ነው። የደባርቅ ተማሪዎቼ ወረቀት ለምን ይታጠፍ እንደነበር እነሆ መልሱ።

በሚቀጥለው ዓመት አንድ ነገር ሞከርኩ። ድርሰቱን ያለ ቁጥር መለስኩ፤ ከሥሩ አንድ የተሳካ ነገርና ሁለት የሚስተካከል ነገር ብቻ ጻፍኩ። ተማሪው አስተካክሎ ሲያመጣ ነው ማርክ የምሰጠው። ለሦስተኛው ድርሰት ጥንድ ጥንድ አድርጌ እርስ በርስ አስነጋሪ አደረግኋቸው። መጀመሪያ አጉረመረሙ፤ «ማርካችንን ይንገሩን» አሉኝ። እውነት ለመናገር ሥራውም በዛብኝ። ቆይቶ ግን አንዲት ተማሪ ድርሰቷን ከማስረከቧ በፊት መጥታ «መግቢያው ረዝሞብኛል፤ አሳጠርኩት። መጨረሻው ግን እንዳልሰመረ አውቃለሁ፤ እንዴት እንደማደርገው ጠፋኝ» አለችኝ። ያን ቀን የእኔ ቀይ እስክሪብቶ ከእጄ ወደ እጇ ተሻገረ።

የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ሲነገር፣ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ መሆናቸውን ሰምተን ሁላችንም ደነገጥን። ለሳምንታት የተወራው ቁጥሩ ነው። እኔ ግን የዚያን ልጅ ድምፅ ሰማሁ። ቁጥሩ የተነገራቸው እነዚያ ሁሉ ልጆች ስሕተታቸውን አይተው፣ አስተካክለው፣ መልሰው የሚነግሩት ለማን ነው?