በቋጠሮ የከረመ ዘር

ከመተማ ወደ ገላባት ስንሻገር እያንዳንዳችን የያዝነው ነገር ልዩ ልዩ ነበር። ከፊሉ የትምህርት ማስረጃውን፣ ከፊሉ የቤተሰቡን ፎቶግራፍ ይዟል፤ ባዶ እጁን የወጣም ብዙ ነው። አንዳንድ እናቶች ግን በነጠላቸው ጫፍ አንዲት ቋጠሮ ነበረቻቸው። በውስጧም የጎመን፣ የሽንኩርትና የቲማቲም ዘር አለ። «አገራችን ስንገባ እንዘራዋለን» ብለው በየጎጆው ምሰሶ ላይ ሰቅለዋታል። እኛም ቋጠሮዋን እናከብራለን። በዚች አጭር ጽሑፍ ግን አንድ ጥያቄ ለማንሣት እንወዳለን፤ ይኸውም ዘር ሰውን እስከ መቼ ይጠብቃል? የሚል ነው።

ጥያቄው ከመጽሐፍ የመጣ አይደለም። አንዲት የሠፈራችን እናት ሦስት ክረምት ያቆዩትን ቋጠሮ ፈትተው ሰጡን። በመምህራን ማሠልጠኛ እንደተማርነው ከየዓይነቱ ዐሥር ዐሥር ፍሬ ቆጥረን፣ በርጥብ ጨርቅ ጠቅልለን በጥላ አስቀመጥነው፤ ጨርቁም እንዳይደርቅ በየቀኑ ውሃ ረጨንበት። ከዐሥር ቀን በኋላ ስንገልጠው ከዐሥሩ የጎመን ፍሬ ስድስቱ ነጭ ሥር አውጥተዋል። ከሽንኩርቱ ግን አንድም የበቀለ የለም። እናታችን ጨርቁን ረጅም ጊዜ ሲመለከቱ ቆዩና «ለካስ የሞተ ስጠብቅ ነው የኖርሁት» አሉ።

ዘር ደረቅ ቢመስልም ሕይወት አለው። በዝግታ ይተነፍሳል፤ በውስጡ ያለውንም ስንቅ በዝግታ ይጨርሳል። ሙቀትና ርጥበት ሲበዛበት ቶሎ ያረጃል። ጀምስ ሀሪንግተን የተባለው አሜሪካዊ የዘር ሊቅ ባወጣው የግምት ሕግ መሠረት የማከማቻው ሙቀት በ5 ዲግሪ ሲቀንስ ወይም የዘሩ ርጥበት በ1 በመቶ ሲቀንስ የዘሩ ዕድሜ በእጥፍ ይረዝማል። በገዳሬፍ የበጋው ሙቀት ከ40 ዲግሪ በላይ ስለሚወጣ የቀረውን ሒሳብ አንባቢ ራሱ ይሥራው። ሽንኩርትም ከአትክልት ዘሮች መካከል ዕድሜያቸው አጭር ከሆኑት አንዱ ነው። እናቶቻችን በደጋው አገር ዘሩን በቅል አድርገው፣ አመድ ነስንሰው፣ ጭስ በሚያገኘው ሥፍራ ሲሰቅሉት ርጥበትንና ነቀዝን ይከላከሉ ነበር። ያ ሁሉ ሲሆን ግን ዘሩ ከአንድ ዘመን ወደሚቀጥለው እንጂ ለዘለዓለም አይቀመጥም ነበር።

ከማቆየቱ ሌላ ዘርን ከመዝራት በፊት የማንቃት ጥበብ አለ፤ ታሪኩም ረጅም ነው። ከክርስቶስ ልደት 300 ዓመት ገደማ በፊት የነበረው ግሪካዊው ቴዎፍራስጦስ፣ የኪያር ዘር በውሃ ወይም በወተት ተነክሮ ቢዘራ ፈጥኖ እንደሚበቅል ጽፏል። በ1855 እንግሊዛዊው ቻርልስ ዳርዊን የልዩ ልዩ ተክሎችን ዘር በጨው ውሃ እየዘፈዘፈ ስንቱ እንደሚበቅል ቆጥሯል። በ1990ዎቹ ደግሞ ዴቪድ ሀሪስና ባልደረቦቹ በሕንድና በዚምባብዌ ከገበሬዎች ጋር ሆነው ያረጋገጡት ነገር ቀላል ነው፤ ዘሩን ሌሊቱን በውሃ መንከር፣ በማግስቱም ላዩን አድርቆ መዝራት። (ከ77ቱ በቀር በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የጥቅሙም ምክንያት ግልጽ ነው። ዘሩ አፈር ውስጥ ውሃ ለመጠጣት የሚያጠፋውን ጊዜ አስቀድሞ በቤት ስለሚጨርስ፣ አፈሩ ሳይደርቅና ጉንዳን ሳይቀድመው ብቅ ይላል።

ነገር ግን ይህን ለማወቅ እስከ ግሪክ መሄድ ያስፈልገን ነበርን? ጠላ የምትጠምቅ እናት ገብሱን ትነክራለች፣ ውሃውን ታጠልላለች፣ በቅጠል ሸፍና ታስተኛዋለች፤ ከጥቂት ቀን በኋላም ብቅል ይሆናል። ያረጀ ገብስ ብቅል እንደማይወጣው ያስተማራት ማንም ሊቅ የለም። የብቅሏ ጥበብና በርጥብ ጨርቅ የሠራነው ሙከራ አንድ ናቸው።

ወደ አገራችን የዘር ታሪክ እንመለስ። በ1927 ሩሲያዊው ኒኮላይ ቫቪሎቭ ኢትዮጵያን ዞሮ የስንዴ፣ የገብስና የሌሎችንም አዝርዕት ዘር ሰበሰበ፤ አገራችንንም ከዓለም የአዝርዕት መገኛ ሥፍራዎች አንዷ አድርጎ ቆጠራት። የሰበሰበው ዘር በሌኒንግራድ ተቀመጠ። ከ1941 እስከ 1944 ጀርመኖች ከተማዋን ከበው ሕዝቡ ሲራብ፣ ከዘሩ ጠባቂዎች አንዳንዶቹ ሩዝና ኦቾሎኒ በእጃቸው እያለ ሳይነኩት በረሃብ ሞቱ። ቫቪሎቭም ራሱ በ1943 በሳራቶቭ እስር ቤት ሕይወቱ አለፈ።

በ1976 በአዲስ አበባ የዕፅዋት የዘር ሀብት ማእከል ተቋቋመ፤ ዶክተር መላኩ ወረደም ለብዙ ዓመታት መርተውታል። የ77ቱ ረሃብ በመጣ ጊዜ በወሎና በትግራይ ብዙ ገበሬ ለዘር ያስቀመጠውን በላ። ልጁ እየሞተ ዘር የሚቆጥብ ወላጅ የለምና ማንም አይፈርድበትም። ነገር ግን ዝናብ ሲመለስ የሚዘራ ጠፋ። ከዚህ በኋላ ነው ከ1988 ጀምሮ በወሎና በሸዋ ነባሩ ዘር በገበሬው ማሳ ላይ እየተዘራ እንዲጠበቅ የተደረገው። ዶክተር መላኩም በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። ከዚህ ታሪክ የምንማረው ትልቅ ነገር አለ። በቀዝቃዛ ክፍል የተቀመጠ ዘር እንኳ ኃይሉ ሲደክም ወጥቶ ተዘርቶ በአዲስ ፍሬ መተካት ይኖርበታል። ያለ መዝራት መጠበቅ የለም።

አሁን የቆምንበት ምድርስ እንዴት ያለ ነው? በገዳሬፍ ዙሪያ ከ1940ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ትራክተር ገብቶ በሰፊው ማሽላ ተመርቷል። የደጋው ልጅም ለሰሊጥ ዐጨዳ ድንበሩን ሲሻገር ኖሯል። ኡም ራኩባም በ77ቱ ዘመን ስደተኞችን አስጠግታ፣ ከዓመታት በኋላ ተዘግታ፣ በ2020 መጨረሻ እንደገና ተከፍታለች። መሬቱ ሲደርቅ የሚሰነጠቅ፣ ሲረጥብ የሚጣበቅ ዋልካ ነው፤ ዝናቡም በአብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው።

ስለዚህ ለመዝራት የምናስብ ሁሉ በመጀመሪያ ዐሥር ፍሬ በጨርቅ እንሞክር። ግማሹ ብቻ ከበቀለ አጥፍ አድርገን እንዝራ። የሽንኩርትና የቲማቲም ዘር አንድ ሌሊት፣ ቅርፊቱ ጠንካራ የሆነው ባምያ እስከ አንድ ቀን ይነከር። ሱዳኖች ኹድራ የሚሉትን የሙሉኺያ ዘር በጨርቅ ቋጥሮ፣ ከእሳት በወረደ ፍል ውሃ ዐሥር ሰከንድ ያህል ብቻ ነክሮ ማውጣት ይጠቅማል። ባቄላና አደንጓሬ ግን በውሃ ብዛት ታፍነው ስለሚሞቱ ከጥቂት ሰዓት በላይ አይቆዩ። የተነከረው ዘር በጥላ ደርቆ እርስ በርሱ መጣበቁን ሲተው ወዲያው ይዘራል። ባምያና ሙሉኺያ በዝናቡ ወራት፣ ቲማቲምና ጎመን ሙቀቱ ሲበርድ ይስማማቸዋል።

ከርዳታ የመጣ፣ ቀለም የተቀባ ዘር ስናገኝ ደግሞ አንንከረው፤ ከቶም አንብላው። በ1971 መጨረሻና በ1972 በኢራቅ በሜርኩሪ መርዝ የታሸ የስንዴና የገብስ ዘር ለገበሬዎች ታደለ። በከረጢቱ ላይ ያለው ማስጠንቀቂያ በማያውቁት ቋንቋ ስለ ነበረ ብዙዎች ቀለሙን አጥበው፣ ፈጭተው፣ ጋግረው በሉት። ከ6,500 በላይ ሰዎች ሆስፒታል ገቡ፤ ከእነዚህም 459 ሞቱ። ቀለሙ ቢታጠብም መርዙ አልታጠበም ነበር።

አንዳንድ ወገኖች «እዚህ መዝራት እዚህ ለመቅረት መስማማት ነው» ይሉናል። ስሜታቸው ይገባናል፤ እኛም ብንሆን በሰው አገር አፈር ላይ ዘራችንን ስንበትን እጃችን ይከብደናል። ዳሩ ግን ሳይዘራ የከረመው ቋጠሮ ወደ አገር ቢገባ የሚገባው ጨርቁ ብቻ ነው። ግማሹን እንዝራ፣ ግማሹን በደረቅና በጥላ ሥፍራ እናስቀምጥ። ካማረው ተክል ሳንቀጥፍ ለዘር እንተው።

እኒያ እናት የተረፈውን ጎመን በተቆረጠ ጀሪካን ውስጥ ዘርተውት ነበር። ከበቀሉትም ሁለቱን ለዘር ተዉ። ጎረቤት ቅጠሉን ለወጥ ሲለምናቸው ከሌሎቹ እየቀነጠሱ ሰጡ እንጂ ሁለቱን አላስነኩም። አሁን ቢጫ አበባው ረግፎ ቆባው ደርቋል። ባለፈው ሳምንት ፍሬውን አራግፈው፣ አሮጌውን የሽንኩርት ዘር ከነጠላቸው ጫፍ ደፉና አዲሱን ጎመን በዚያው ቋጠሩት።